ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን

አቦ ስሙኝማ! ከታይዋን ገበያ ቴሌቪዥን ገዛሁላችሁ፤ ባጃጅ ከነሹፌሩ ያስተኛል። ግድግዳው ላይ ቦታ ሲጠፋ የእመቤታችንን ሥዕል አወረድኩና ጓዳ፣ በርበሬው አጠገብ አስቀመጥኳት። በማግስቱ የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩልኝ መጡ። ውሃ ነክቶት እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ቴሌቪዥኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ቅዱስ ሥዕል እንዲያ ነው የሚጋረደው፤ አባ ገና ሲገቡ እመቤታችን መሰለቻቸውና ሦስቴ ሰገዱ። እኔስ ምን ልበል? አብሬያቸው ሰገድኩ!

«በይ ወለተ ማርያም፣ ግለጪልኝና ልሳለማት» አሉኝ። ገለጥኩት። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሳቸውን ጢም አዩ።

«እመቤታችንስ?»

«ጓዳ ናት፣ አባቴ።»

«ለዚህ ብለሽ?»

ላብ አጠመቀኝ። ያኔውኑ ሥዕሏ ወደ ቦታዋ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ጓዳ ሆነ። ጓዳው መቀመጫ ስለሌለው ድራማዬን ቆሜ ነው የማየው። ትናንት ምራቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ቅዳሴ ላይ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ የምትቀመጪው አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ።

ድምፁን ጨመርኩት።