ከጨጓራ በስተጀርባ

(ደሴ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ፤ አርባ ዓመት ቄራ ውስጥ ከብት ሲያርድና ሲበልት የኖረው ይመር፣ ነርስነት ከምትማረው ልጁ ከመሬማ ጋር ተቀምጧል። የምርመራው ወረቀት እሷ እጅ ላይ ነው።)

ይመር፦ አሁንም ዘለልሽ። ሁለተኛውን መስመር አንብቢው።

መሬማ፦ አልዘለልኩም አባዬ። ጨጓራ ነው አልኩህ እኮ። ትንሽ ተቆጥቷል፤ ኪኒን ትወስዳለህ፣ በርበሬ ትተዋለህ፣ አበቃ።

ይመር፦ ለጨጓራ ነው ሐኪሙ አንቺን ለብቻሽ ጠርቶ ግማሽ ሰዓት ያቆየሽ?

መሬማ፦ የኪኒኑን አወሳሰድ ሲያስረዳኝ ነዋ።

ይመር፦ የኪኒን አወሳሰድ ነው እንዲህ ዓይንሽን ያቀላው? በይ አንብቢ።

መሬማ፦ እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባህም ብዬ ነው እንጂ... «ፓንክሪያስ» ይላል። ከጨጓራ በስተጀርባ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ምግብ እንዲፈጭ ታግዛለች።

ይመር፦ ከትንሹ አንጀት መነሻ ጋር የተጣበቀችው? ገርጣ ያለችው?

መሬማ፦ አዎ።

ይመር፦ ቆሽት አትይኝም ታዲያ! አርባ ዓመት በእጄ ሳወጣው የኖርኩትን በፈረንጅ ስም ትሸፍኚብኛለሽ?

መሬማ፦ ወላሂ፣ የአማርኛው ስም ጠፍቶኝ ነው።

ይመር፦ በውሸት አትማዪ። ቆሽቴ ምን ሆነ?

መሬማ፦ አብጧል።

ይመር፦ ሐሞቴስ? ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። እኔም እኮ መስታወት አያለሁ።

መሬማ፦ እብጠቱ የሐሞቱን መውረጃ ተጭኖታል። ለሱ መላ አለው፣ ቱቦ ይከቱበታል፣ ቢጫው ይለቅሃል። አዲስ አበባ ከሄድን ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን...

ይመር፦ ቆይ። ጉበቴ ላይስ ምን አዩ?

መሬማ፦ ጉበትህን ማን አነሳ?

ይመር፦ እኔ። በሬ ሲከፈት ሥጋ መርማሪው ቶሎ ብሎ የሚያገላብጠው ጉበቱን ነው። ሥጋው የፈለገውን ያህል ቢሰባ፣ ጉበቱን ሳያይ ማኅተም አይመታም። አንቺም የምትዘልዪው እሱን መስመር ነው።

መሬማ፦ አባዬ፣ አንተ እኮ በሬ አይደለህም።

ይመር፦ አይደለሁም። በሬ አይነገረውም። እኔ ሰው ነኝና ይነገረኝ።

መሬማ፦ ነጠብጣብ አለው። ብዙ ነው። ከቆሽቱ ተነስቶ ነው የደረሰው አሉ።

ይመር፦ ካንሰር ነዋ።

መሬማ፦ አዎ፣ አባዬ።

ይመር፦ አልሐምዱሊላህ። ስንት ጊዜ ቀረኝ አሉ?

መሬማ፦ እሱን እንኳ አላህ ነው የሚያውቅ። ቢበዛ ሦስት ወር አሉ። ቀዶ ሕክምናም አይረባውም ብለዋል፤ አዲስ አበባ እንሂድ የምለው እኔው ነኝ። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልይህ?

ይመር፦ ጠጋ በይ ወደኔ። ይኸን ሁሉ ይዘሽ ነው ከጠዋት ጀምሮ ስታስቂኝ የዋልሽው? ሆድ ካገር ይሰፋል ማለት ለካ እውነት ኖሯል። በይ አታልቅሺ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።

መሬማ፦ ምን?

ይመር፦ እናትሽ እንዳትሰማ። ደም ግፊት አለባት፣ ይኸን አትችለውም። አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ውሰጂኝ፤ ለሕክምና ሄደ በያት። ስመነምን እያየች ከምትሰቃይ እዚያው ብጨርስ ይሻላል። ምኑን አመመው ካለችሽ ጨጓራውን ነው በያት።

መሬማ፦ እንዲያ ማለት አልችልም አባዬ።

ይመር፦ ለኔ ያልሽውን ለሷ ማለት ምኑ ይከብዳል?

መሬማ፦ ውጤቱ የወጣው ትናንት ነው። መጥታ የሰማችው እሷ ናት። ጨጓራ ነው በይው ብላ የላከችኝም እሷው ናት።

ይመር፦ ዘይነባ? ትናንት ራት ላይ እየሳቀች እኮ ነው ያጎረሰችኝ።

መሬማ፦ ካጎረሰችህ በኋላ ጓዳ ገብታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማህ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።

ይመር፦ ተነሺ፣ ደግፊኝ። አዲስ አበባው ቀርቷል። ቤት ገብተን አብረን እናለቅሳለን።