ካርዱ ላይ ብቻ የነበረ ሰው

ዝናቡ ባያግደኝ ኖሮ ጉርድ ፎቶዬን ተቀብዬ እብስ እል ነበር። አስተማሪ ነኝና ሰው ሲከራከር መስማት፣ ሳይጠሩኝም ጥልቅ ማለት እወዳለሁ። የዚያን ዕለቱን ክርክር ግን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር።

ባለ ፎቶ ቤቱን ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ብልጭታ ይላቸዋል። ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች የእህታቸው ልጅ ባንኮኒው ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ዘርግታ፣ ገመድ በእጇ ይዛ ትለማመጣቸዋለች።

«አጎቴ፣ እባክዎን ካሜራውን ለአፍታ ይስጡኝ። በዚህ ገመድ ሰክቼ ፎቶዎቹን ልገልብጣቸው።»

«ለምን ብዬ? ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነው፤ አንገቴም እኔው ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ሣጥን አለ?»

«የካሜራው ካርድ ሲሞላስ?»

«ሲሞላ አጸዳዋለሁ። ፎቶውን የወደደ ሰው ቶሎ መጥቶ ያሳትማል። ያልመጣ ካልፈለገው እኔ ለማን ላስቀምጥለት?»

«የሚያጠፉትን የሚመርጡት እኮ የክብሪት ቀፎ በምታክል መስኮት እያዩ ነው፤ ያውም መነጽር ሳያደርጉ!»

«እኔ ሰርግ ሳነሳ እናትሽ ገና አላገባችም ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው። ግን በፊልሙ ዘመን አንዲት ኔጋቲቭ ጥለው ያውቃሉ?»

«ኔጋቲቭ ይጣላል እንዴ? ኔጋቲቭ ዘር ነው!»

«ካርዱ ላይ ያለውም ዘር ነው፣ አጎቴ። ሌላ የለውም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ልጅቷ እውነቷን ነው» አልኩ።

«መምህር፣ እርስዎ ጉርድዎን ይያዙ» አሉኝ ቆጣ ብለው። ወደ ልጅቷ ዞረውም፣ «ኮምፒውተርሽን ቫይረስ ቢበላውሳ?» አሉ።

«ለዚህ እኮ ነው ሁለት ቦታ የሚቀመጠው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ በሌላ ዲስክ ቤትዎ።»

«አንድ ፎቶ ስንት ቦታ ልደብቅ ነው? እኔ ሌባ ነኝ?» ብለው ሳቁ። በክርክር የተሸነፈ ሽማግሌ ሲስቅ የረታ ይመስለዋል።

ይህን ሲሉ መንገዱ ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ባሏ መሞቱን ሁላችንም ሰምተናል።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እታለም» አሉ ጋሽ ብልጭታ።

«አሜን። ከባለቤቴ ጋር የተነሳነውን ላሳትም ነበር። ሳንወስደው ሆስፒታል ገባ፤ እኔም ከአልጋው ሥር ሳልነሳ ከረምኩ። ሌላ ፎቶ የለንም። የድሮዎቹን ጎርፍ ወስዷቸዋል። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር፤ ያን ቀንም ለምኜው ነው የመጣው።»

ጋሽ ብልጭታ ካሜራቸውን ከፍተው ቁልፉን ይጫኑ ጀመር። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ እንደገና ሙሽሮች። ወደፊት ሄዱ፣ ወደኋላ ተመለሱ። የሚፈልጉት እንደሌለ ከእሷ በፊት ማወቃቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሰርግ ሥራ መጣብኝና ካርዱ ሞላ። አንቺም ስላልመጣሽ…»

«ስላልመጣሁ» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቷ አሁን «እባክዎን» አላለችም። ካሜራውን ከእጃቸው ተቀብላ ካርዱን አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችና፣ የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ እንደሚቆይ እያስረዳች መፈለግ ጀመረች። ዝናቡ አባርቷል፤ እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች ተከፈተ። የፏፏቴ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ታየ፤ ቀጥሎ የሴትዮዋ ግንባር፣ ዓይኖቿ፣ ፈገግታዋ። ከአንገቷ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ነው።

«እግሩን ስላመመው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር» አለች ሴትዮዋ፣ ግራጫውን በጣቷ እየነካች። «እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ወደ ታች አይወርድም?»

«ከዚህ በላይ የለም፣ እትዬ። የታችኛው ላይ ሰርጉ ተጽፎበታል።»

«እኔንማ መስታወትም ያሳየኛል» አለች።

ብዙ ሽንፈት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ልክ መሆን አስጠልቶኝ አያውቅም። ጋሽ ብልጭታ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ዘጭ አሉ።

«ልጄ፣ በይ አሳዪኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳልሽው ይሁን።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሆንም ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበት ዘንድ የልጅቷን ምክር እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ያነሱትን የዕለቱን በዕለቱ ይገልብጡ። ለየሰዉ ማህደር ከፍተው ስሙንና ቀኑን ይጻፉበት፤ አለዚያ ከሺህ ፎቶ መሀል ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ከዚያ በሌላ ዲስክ ደግመው ይገልብጡና ቤትዎ ያስቀምጡ። ሁለቱም መከፈታቸውን በዓይንዎ ሳያዩ ካርዱን አይንኩት። እንዲህ ካደረጉ ካሜራው ቢሰረቅ ፎቶው አይሰረቅም፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሰው ዘግይቶ ቢመጣም…»

እዚህ ስትደርስ አጠገቧ ማን እንደቆመች ትዝ አላትና ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ጋሽ ብልጭታ ግን እንደ ተማሪ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ገባኝ፣ ልጄ፣ ገባኝ» ይላሉ።

«ይህ መገልበጥ የምትሉት ብዙ ጊዜ ይፈጃል?» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቷ አጎቷን አየች፤ አጎቷ መሬቱን አዩ።

«አንድ ሻይ እስኪጠጣ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ሴትዮዋ ወደ ጋሽ ብልጭታ ዞረች። «ያን ቀን አንስተውን ሲጨርሱ ከጎረቤት ሻይ አስመጥተው አብረን አልጠጣንም?»

«ጠጥተናል።»

«እሱ ካልደገምን ብሎ ሁለት ሁለት ነው የጠጣነው» አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።