አባ ማለደና አንካሳዋ ጅብ

አባ ማለደ ሐሙስ ዕለት ከክሊኒክ ተመልሰው ሃሊሳ በሚባለው ሰፈራቸው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አረፍ እንዳሉ፣ የልጅ ልጃቸው ሺራን ሳትታሰብ ከፊታቸው ድቅን አለች። ቤርሸባ ከተማ ቢሮ ትሠራለች ብለው ለጎረቤት ሁሉ ያወሩላት ልጅ፣ አቧራ የጠጣ ካኪ ለብሳ የፕላስቲክ ሣጥን ታቅፋለች። ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ፣ የኔ ዓለም?» አሉና ክዳኑን ገለጥ አደረጉት።

የጅብ ራስ ቅል ጥርሱን አግጦ ተቀበላቸው።

አባ ማለደ ክው ብለው ተስፈንጥረው ተነሡ። በሰማንያ ዓመት እንዲያ መስፈንጠር ራሱ ያስደነግጣል።

«ጉድ ፈላ! የኔ ልጅ ጅብ ታቅፋ መጣች!»

«አባባ፣ ይረጋጉ። ቢሮ አይደለም የምሠራው፤ እንዳይቆጡኝ ብዬ ደብቄዎት ነው። ምድረ በዳው ውስጥ፣ የዱር እንስሳት በሚጠበቁበት ትልቅ ሽሙራ፣ ጠባቂ ነኝ። እሑድ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ያለ ምርቃትዎ ግን አልፈርምም። ይህን ደግሞ ተራራው ላይ ላለው ዩኒቨርሲቲ ለምርምር አደርሳለሁ።»

«ጅብ ጠባቂ እንድትሆኚ ነው የምመርቅሽ? ወደዚህ አገር ሳንመጣ ጎንደር ያገኘንን ነግሬሽ የለም? አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ መዶሻ እግራቸው ላይ ወድቆባቸው አነከሱ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው የጅብ እግር በጦር ወግቶ ኖሮ፣ ‹ሌሊት ጅብ የሚሆነው እሱ ነው› ብሎ መንደርተኛው ዱላ ይዞ መጣብን። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ሁሉም በጅብ የተነሣ!»

«ያንን ያለው ጅቡ ነው ወይስ ሰው?»

አባ ማለደ ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩ። ሺራን ግን በትሕትና ቀጠለች።

«ይቺ የሞተችው በመርዝ ነው። አንድ ሰው የሞተ ፍየል ላይ መርዝ ነሰነሰ። እሷ ሞተች፤ ሰባት ጥንብ አንሳዎች ሞቱ፤ የሰውየው የራሱ ውሻ ሳይቀር ሞተ። እነሱ ካለቁ በዚያ ሐሩር በድኑን ማን ያነሣዋል? በሽታው ለመንጋው ይተርፋል።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ገባኝ። ግን ያን የነካሽበትን እጅ ወደኔ እንዳታመጪ። ራቅ በዪልኝ!» ብለው ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሽተው ተቀመጡ።

ሺራን አልተከተለቻቸውም። «ገበያ ላይ አባትዎን የሸሿቸው እንዲህ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

አባ ማለደ በመካከላቸው የቀረውን ባዶ ቦታ አዩ። ከራስ ቅሉ ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን የረገሙት ቃል ከገዛ አፋቸው ወጣ፤ ያውም በሚሳሱላት ልጅ ላይ። በተገፉበት እጅ መልሰው መግፋታቸውን እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላሉትም ነበር። እፍረት አንገታቸውን አስደፋቸው።

«ጅቢቱን ታውቂያት ነበር?» አሉ።

«ሦስት ዓመት ዱካዋን ተከትያለሁ። መኪና ገጭቷት የኋላ እግሯን ታነክስ ነበር።»

«ታነክስ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ተንፏቀው ተጠጓትና ያንኑ እጇን ያዙ። «ስትጠብቂ የሚጠብቅሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ሂጂና ፈርሚ።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ሺራን ሣጥኑን ልታነሣ ስትል ቀድመው አንሥተውት አብረው ተሳፈሩ። ጎረቤታቸው ድንቄ ከፊት ተቀምጣ ኖሮ፣ ምን እንደያዙ ጠየቀቻቸው።

«የልጄን ሥራ ነው» አሏት። «ልጄ በረሃ ውስጥ ጅብና ጥንብ አንሳ ትጠብቃለች። እነሱ ምድሩን ያጸዱታል፤ መንጋው ጤና ያድራል። መርዝ የሚነሰንስ ግን የገዛ ውሻውን ይቀብራል። ሰው የሚያወራባቸው ሁሉ ሐሰት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

አባ ማለደም እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ የአንካሳዋን ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሄዱ።