በሰው ነጠላ የሸኘሁት ልጅ

አትሳቁብኝና፣ በደርግ ጊዜ ከጅማ ለስብሰባ አዲስ አበባ መጥቼ፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የለም ሲባል ጓደኞቼ መርካቶ ሄዱ፤ እኔ ግን አውሮፕላን በቅርብ ለማየት ቦሌ ወረድኩ። ያኔ ሸኚው ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው ሰገነት ላይ ወጥቶ፣ መንገደኛው በእግሩ እስከ አውሮፕላኑ ሲሄድ እያየ እጁን ያውለበልባል። እኔም ሸኚ መስዬ ወጣሁ። ከኋላዬ አንዲት አጭር እናት ይንጠራራሉ። ቦታዬን ለቀቅኩላቸው፤ የሰገነቱ ግንብ ግን ከዓይናቸው በላይ ሆነባቸው። ይሄኔ ነጠላቸውን አውልቀው እጄ ላይ አደረጉት። «የኔ ጌታ፣ አንተ ቁመት አለህ። ልጄ ለትምህርት ሞስኮ መሄዱ ነው፤ ጥለቱን ያውቀዋልና ከፍ አድርገህ አውለብልብልኝ።»

አውለበለብኩት። ጥቁር ኮት የለበሰ አንድ ወጣት የአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ዞር አለና ሁለት እጁን አነሳ። «አየው?» አሉኝ። «አየው፣ እማማ» አልኳቸው፤ እንባዬ ከየት እንደመጣ እንጃ!

በማግስቱ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ሻይ እየጠጣን «ትናንት ቦሌ አየሁህ፤ ማንን ሸኝተህ ነው እንደዚያ ያለቀስከው?» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ወንድሜን» አልኩት።

እሳቸውንም ልጁንም ዳግም አላየኋቸውም። ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ አውሮፕላን በላዬ ባለፈ ቁጥር ቀና እልና «ተመልሶላቸው ይሆን?» እላለሁ።