የአርዲስ ትራፊዎች

— ሄሎ?... አዎ፣ አርዲስ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው? አንተ ነህ ሮስኮ?... በልቼ ጨረስኩ። ኔልዳ የሠራችው ሾርባ ነው፣ ጨው የሚባል አልነካውም... እህቴ ሰምታኝ እያፈጠጠችብኝ ነው። እሺ፣ እንቀጥል። የት ነበርን?

— ዘጠነኛው ዙር፣ አዎ፣ የመጨረሻው። አራት ለሦስት እየመራሁ ነው፣ የመምታት ተራው የአንተ። ሦስት ሰው ካስወጣሁብህ አለቀ።

— አውቃለሁ... አውቃለሁ አልኩህ እኮ! ዛሬ ከተሸነፍኩ ዘንድሮም መጨረሻ እወጣለሁ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ደግሞ ከካርድ ማኅበራችን ወንበሩን ይለቃል። ሕጉን የጻፈው የገዛ ባሌ ነው፤ አንተ ታነብልኛለህ እንዴ?

— ቆየኝ አንዴ... ኔልዳ፣ እውነተኛ ቤዝቦል አይደለም፣ ስንቴ ልንገርሽ? የዱሮ ተጫዋቾች ካርድ ነው። የሚመታው ሰው ዳይስ ይጥላል፣ የወጣውን ቁጥር ካርዱ ላይ ያያል። ሮስኮ እዚያ ቤቱ ይጥላል፣ እኔ እዚህ እጽፋለሁ። በቃ... እሺ ሮስኮ፣ ጣል።

— ወጣ? ጎሽ። አንድ።

— እሱም? ሁለት... በጣም ፈጠንክ።

— ... ሮስኮ።

— ሮስኮ፣ ትሰማኛለህ? ሳህኑ አልተሰማኝም።

— የቱ ሳህን ትለኛለህ? የቆርቆሮው ነዋ! በስልክ ስንጫወት ዳይሱ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ይጣላል፣ ሌላው እንዲሰማ። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የተጫወትነው። ዛሬ ስምንቱንም ዙር ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ኮሽ አላለም።

— ጠረጴዛ ልብስ ላይ?... ምን ሆነህ ነው ጠረጴዛ ልብስ ላይ የምትጥለው?

— እኔን አታሞኘኝ። ጨርሶ አልጣልክም። አይደል?

— አዝነህልኝ ነው?

— ማን?... ሊላንድ? ባሌ ነው ያለህ? መቼ?... ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ። «አርዲስን ከወንበሯ እንዳታስነሷት» ብሎ... እሱ ነው፣ ያደርገዋል። ነፍሱን ይማረው፣ እንደዚያ ያለ ነገር የሚያደርግ እሱ ነው።

— አይ፣ አላለቀስኩም... ኔልዳ፣ ተይኝ፣ ደህና ነኝ። ተቀመጪ።

— አሁን ስማኝ። ይህን ቡድን እንዴት እንደሠራሁት ታውቃለህ? ተጫዋች የምንመርጥ ቀን ሁላችሁም ለአንድ ትልቅ ወርዋሪ ተሻማችሁ፤ ብቻውን ስድስት ሰባት ዙር የሚወረውር። እኔ አንድም አልመረጥኩም። በመጀመሪያ ምርጫዎቼ ጥሩ ጥሩ መቺ ወሰድኩ፣ ከካርዱ ሳጥን ሥር ደግሞ ማንም የማይፈልጋቸውን ዘጠኝ ወርዋሪዎች ለቀምኩ። አንድ ዙር ይወረውራል፣ ይወርዳል፣ ሌላው ይመጣል። መቺው ማንንም ሁለቴ አያየውም። «የአርዲስ ትራፊዎች» ብላችሁ ሳቃችሁብኝ... ሳቅክ እንጂ! አንተማ በሳቅ ቡናህን ደፋህ።

— ከሁላችሁም በላይ ግን ማን እንደሳቀ ታውቃለህ? ሊላንድ። ቡድኑ የሁለታችን በነበረ ጊዜ በየዓመቱ እለምነው ነበር። «እብደት ነው የኔ እመቤት» ይለኛል፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ እንሞክረው አላለም። እሱ ልክ ነበር ወይስ እኔ? ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው ሮስኮ። አንተ ዝም ብለህ ብትሰጠኝ በምን አውቃለሁ?

— ስለዚህ ሁለቱን ሰርዝ።

— ሰርዝ ነው የምልህ! እኔ በራሴ ወረቀት ላይ ሰርዣለሁ። ማንም አልወጣም። ሳህኑን አምጣ... እጠብቃለሁ።

— ኔልዳ፣ አላበድኩም። እስክሪብቶውን መልሺልኝ።

— ሄሎ... አዎ፣ አለሁ። የኔ ወርዋሪ የመጨረሻው ነው፣ ያ ጥጉ የተቀደደው ካርድ፣ ሀስኪንስ። በዕድሜው ሙሉ አስራ ዘጠኝ ዙር ብቻ የወረወረ። ከሱ በኋላ ማንም የለኝም። ጣል።

— ሰማሁ። ስንት?... ወጣ። አንድ።

— ሰማሁ... መታ? የት ደረሰ?... አንደኛው ቤዝ ላይ። እሺ። ይቁም።

— ሰማሁ... ወጣ? ቁጥሩን ንገረኝ፣ ካርዱንም አንብብልኝ... እሺ፣ ልክ ነው። ሁለት። አንድ ቀረኝ።

— ማነው የሚመጣው?... ብራክስተን፣ ትልቁ መቺህ። መቼም ሌላ አይመጣብኝም። አይ፣ አልቀይርም፣ በማን ልቀይረው? ሀስኪንስ ይወረውራል... ኔልዳ፣ እጄን ያዥኝ እስቲ። አዎ፣ እንዲህ።

— ጣል ሮስኮ።

— ሰማሁ። ሳህኑን ሰማሁ። ስንት ነው?

— ሮስኮ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ዳይሱ ቆሟል፣ ቁጥሩን እያየኸው ነው። ንገረኝ።

— ከአጥር ውጭ መታው።

— እሺ... ብራክስተንም ቤዝ ላይ የቆመውም ገቡ፣ ሁለት ነጥብ። አምስት ለአራት። አሸነፍክ።

— አይ፣ ደህና ነኝ። እየጻፍኩ ነው... ምን አልከኝ? ዳይሱ ከሳህኑ ወድቋል እንበል? ከወደቀ እንደገና ይጣላል፣ አዎ፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ግን አልወደቀም። ሳህን ውስጥ ሲቆም በጆሮዬ ሰማሁት እኮ ሮስኮ።

— ኧረ ተው፣ አንተ ደግሞ አታልቅስ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለማስረከብ። ወንበሩን የሚይዘው ማንም ይሁን ካርዶቹን በሳጥናቸው እሰጠዋለሁ። ግን አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። የማኅበሩ መዝገብ አንተ ጋ ነው አይደል?... እንዲህ ብለህ ጻፍ። ለማሸነፍ በዘጠኝ ዙር ሃያ ሰባት ሰው ማስወጣት ነበረብን፣ ትራፊዎቹ ሃያ ስድስቱን አስወጡ። የጎደለው አንድ ነው።

— «አንድ» ብለህ በፊደል ጻፈው፣ ሰው እንዳያበላሸው።

— ሊላንድ ቢኖር?... አንድ ነው የጎደለን ስለው «በሚቀጥለው ዓመት እንሞክረው» ይለኝ ነበር... እህ። ይለኝ ነበር።

— በል ደህና ሁን። ሳህኑን እጠበው።