ጠግቤያለሁ ያለው አባወራ

— ሄሎ!... አቤት፣ መካነ ሰላም ነው።... እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው ፈንታሁን።... ከደሴ? አገናኚኝ እንጂ፣ ምን ትጠይቂያለሽ!

— ሄሎ... ማን ልበል?... አምባቸው! ኧረ አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ጠፋብኝ!... ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብዙዬም ደህና ናት። «የክርስትና ልጅህ መምሪያ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ረሳን» እያለች ታማሃለች።... ስቀልድ ነው። ጮክ በል እስቲ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አላሰማኝ አለ።... ይዘንባል እንጂ! ዘንድሮስ ሰማዩ ታርቆናል። የጠፋው የሚዘራው ነው።

— የማረጋገጫው ወረቀት?... ደርሶኛል። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።... አልፈረምኩም።... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? አልፈረምኩም ነው የምልህ።

— ቆይ፣ አትቆጣ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አራት ቀን እንደቀረው አውቃለሁ። ድርቁን ያጠኑት የፈረንጅ አማካሪዎች ቀሪ ክፍያቸውን እንደሚጠይቁም አውቃለሁ። እነሱን የቀጠርክ አንተ መሆንህንም አልረሳሁም።... አዎ፣ ገዥው ደሴ ተጠርቶ ሄዶ ስላልተመለሰ ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አልጠፋም።

— ታዲያ ምን ሆንክ አልከኝ?... ጥናቱን አነበብኩታ።... የአማርኛውን ግልባጭ። ሁሉንም፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወረቀቱ እንዴት ያምራል በል! ካርታው ባለቀለም፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይህች ቢሮ ገብቶ አያውቅም። «ወጪው ከድርቅ መከላከያው በጀት ይሸፈናል» የሚለውንም አየሁት።... አይ፣ ስለ ብሩ አይደለም። እህል ይገዛበት ነበር፣ አልተገዛም፤ እሱስ አንዴ ሄዷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ገጽ አርባ አንድ ነው።... አጠገብህ አለ? ግለጠው እስቲ። እጠብቃለሁ።

— በለጥሻቸው፣ ከደጃፉ ግቢ እንጂ፣ ዝናቡ ይመታሻል። እዚህ ወንበሩ ላይ አረፍ በይ።... ጭቃውን ተይው፣ ይጠረጋል። ነጠላሽ በስብሷል፣ አውልቀሽ አስጪው።... እምቢ? እሺ፣ እንዳሻሽ።

— እ፣ አገኘኸው?... አንብበው።... አዎ፣ ሳማ አምባ መንደር የሚለው ላይ። ቀጥል።... «ነዋሪዎቹ ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል።» እሺ።... «በጎበኘነው ቤት አምስት ነፍስ ይኖራል። ዳቦ፣ ጠላና የዶሮ ወጥ ቀርቦልናል። አባወራው ጠግቤያለሁ በማለት ከማዕዱ አልቀረበም።» እሱ ላይ ቁም። ከታችስ ምን ይላል?... «አስቸኳይ እርዳታ አያስፈልግም።» አየህ? በአንድ ቤት ምሳ አገሩ ሁሉ ተመዘነ። እኔ ከፈረምኩ እህሉ አቀስታ ድረስ ይመጣና ወደኛ ሳይዞር ይቀራል።

— ዋሹ አላልኩም። ያዩትን ነው የጻፉት።... አንተስ የት አደግክ? ከፈረንጆቹ ጋር የመጡት የአዲስ አበባ ልጆችስ ከሰማይ ወረዱ? እንግዳ ደጅህ ቆሞ «እንዴት ናችሁ» ሲልህ ርቦናል ብለህ ትመልስለታለህ? አባትህ እንዲህ ይሉ ነበር?... እንዲያ በል! ዶሮዋ የቀረቻቸው አንዲት ዶሮ ናት። ዳቦው ደግሞ የዘር ገብስ ነው።... አዎን፣ ዘሩ! ለሰኔ ያስቀመጡት። አድማሴ፣ አባወራው ማለቴ ነው፣ «በሞቴ ብሉ፣ አፈር ስሆን» እያለ ቆሞ ሲያስተናግዳቸው እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

— በምን አወቅክ አልከኝ?... ነበርኩዋ። መንገድ እየመራሁ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እኔም በላሁ።... አምባቸው፣ ለሚስቴ ለብዙዬ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርህ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ሳማ አምባ ሄጄ «የመንግሥት እንግዳ ይመጣል፣ እንዳታሳፍሩን» ያልኩት እኔ ነኝ።... እኔ ነኝ እልሃለሁ! ቤት ለቤት እየዞርኩ። እንግዳ እንጂ ረሃባችንን ሊመዝን የመጣ ሰው የምናስተናግድ መች መሰለኝ። አገር ማስከበሬ ነበር፣ እኔ ሞኙ!

— ምን?... ማን ይታሰራል? አንተ?... አብሽር ልጄ፣ አብሽር። ራዲዮኑን እኔም እሰማለሁ፤ በየቀኑ አንድ ሹም ተያዘ ይላል። ያለ ማረጋገጫ የወጣ ገንዘብ ከተገኘ ባንተ እንደሚያላክኩም አይጠፋኝም። ክርስትና ያነሳሁህ ክፉህን ላይ አይደለም።

— ስለዚህ ስማኝ። እፈርማለሁ።... ቆይ፣ ገና አታመስግነኝ። ከፊርማዬ በታች በገዛ እጄ እጽፍበታለሁ። «አማካሪዎቹ ያዩት ማዕድ በእኔ ትእዛዝ የተሰናዳ ነው። ሕዝቡ ዘሩን ጨርሷል።» ማኅተም አሳርፍበታለሁ። አንተ ቀጠርክ፣ እነሱ ሠሩ፣ ያበላሸሁት እኔ።... ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፣ አዎ። እሱን ለኔ ተወው። አንተ ብቻ ከጥናቱ ጋር አያይዘህ እህል ለሚያከፋፍሉት አድርስልኝ፤ ክረምቱ ከጠና መኪና ከአቀስታ ወዲህ አያልፍም።

— እ?... «የአንድ ጸሐፊ ቃል ከአማካሪ ጥናት ይበልጣል ወይ» ይሉኛል ነው የምትለው?... ምስክር? ምስክርማ ይህችውና! የዚያ ቤት እመቤት እዚህ ተቀምጣለች።... «እህል ይመጣል ወይ» ብላ ልትጠይቅ በእግሯ መጥታ። ራሷ ትንገርህ።

— በለጥሻቸው፣ ነይ። እንኪ ያዢው። በዚህ ትሰሚያለሽ፣ በዚህ ትናገሪያለሽ። የደሴው ሹም ነው፣ ልጄ ነው፣ አትፍሪው። ያለውን ሁሉ ንገሪው።

— ...

— ምን?... ምን አልሽው?... ኧረ በለጥሻቸው! አምጪው፣ ስልኩን አምጪው።

— ሄሎ።... ሰማሃት?... «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቱስ ደህና ነዎት» አለችህ።... «ቤተሰቡስ» ስትላት?... «ሁሉም ደህና።» በል እንግዲህ፣ ገጽ አርባ አንድ የተጻፈው እንዲህ ነው። አማካሪ አያስፈልግህም፣ አሁን በጆሮህ ሰማኸው።

— ሄሎ... አለህ?... ምኗን? ስሟን?... ልትጽፍ ነው? አንተው ራስህ?... እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ። በለጥሻቸው እንቁ በል። ሳማ አምባ። ቀጥሎ የሌሎቹን እነግርሃለሁ፣ መዝገቡ እጄ ላይ ነው።... አምስት ነፍስ፣ አዎ፣ ጥናቱም እሱን አልሳተም። ቆይ፣ ለማንኛውም ልጠይቃት።

— በለጥሻቸው፣ አንቺ፣ አድማሴ፣ ሦስቱ ልጆች። አምስት አይደላችሁ?... ምን አልሽ?... መቼ?... የልደታ ለት?... ወይኔ! ነጠላሽን ለካ ለሐዘን ነው የዘቀዘቅሽው፤ እኔ ደግሞ አውልቂው እላለሁ! ታዲያ አሁን «ሁሉም ደህና» ያልሽው...

— ሄሎ፣ አምባቸው።... አለሁ።... አራት ብለህ ጻፍ።... አራት። ያ ጠግቤያለሁ ያለው አባወራ...

— አዎ።... እሱው።

— የሌሎቹን ስም ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ። አሁን ልዝጋው ልጄ፤ ቁጭ ብዬ ልቅሶ ልድረሳት።