ሦስተኛው ፊርማ

ባለፈው ሰኔ ባምቢስ አካባቢ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልሁ። አጠገቤ የፈተና ወረቀት በፌስታል የሸፈነች ወጣት ቆማለች። ምን እንደምታስተምር ጠየቅኋት።

«ሎጂክ፣ ጋሼ። አሁን እውነት ምን ማለት እንደሆነ ላይ ነን። ‹ዝናብ እየዘነበ ነው› የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው፣ ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ብቻ ነው።»

ሳቅሁ። «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እውነት ማለት ሦስት የተከበሩ ሰዎች የፈረሙበት ነው።»

«ሦስቱ ‹አይዘንብም› ብለው ቢፈርሙ፣ ዝናቡ ያቆማል?»

«መዝገቡ ላይ ያቆማል» አልሁ፤ በመልሴም ተደሰትሁ።

በእኛ ሰፈር፣ በካዛንቺስ፣ ለጎረቤት መመስከር ለቅሶ እንደ መድረስ ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ማጣራት ደግሞ ጠያቂውን መጠርጠር ይመስለናል።

ልጅቱ ከቦርሳዋ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ኮፒ አወጣች። «በቃ፣ መዝገቡ ይኸው። ‹ሟች አቶ መብርሃቶም ልጅ አልነበራቸውም› ይላል። እኔ ዳናይት መብርሃቶም ነኝ። ምስክሮቹ የዚሁ የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው፤ ያውቋቸው ይሆን?»

ሦስተኛው ስም የእኔ ነበር። የሟቹ ወንድም ሐዘን ቤት ውስጥ «ቤቱን እንድወርስ አንድ ፊርማ ብቻ» ሲለኝ፣ መብርሃቶም ድሮ ስታዲየም አጠገብ የአንዲት ሕፃን እጅ ይዞ «ልጄ ናት» እንዳለኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ልጅ የለውም ካለ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ፈረምሁ።

«ሃይላይ የምባለው እኔ ነኝ» አልኋት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

«የአባቴን ቤት ፈልጌ አይደለም» አለች። «ማለቴ፣ እናንተ ፈረማችሁም አልፈረማችሁም፣ አባት ነበረኝ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ተስማምቶ ስለ ነበር...»

«ሰፈሩ ቢስማማ ስምምነት ነው፣ ጋሼ። እውነቱ የሚታየው ነገሩ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ ነገሩን አይተውታል።»

በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ አብረን ፍርድ ቤት ሄድን። እያንዳንዱ ምስክር ብዕር ከማንሣቱ በፊት «ነገሩ እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ማንም ልጅ በጎረቤት ይሉኝታ አባቱን አያጣም፤ የሐቀኛ ሰው ፊርማም ይታመናል። ይህን መንገዱን ሙሉ አሰብሁ፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ።

ጸሐፊዋ «ምስክርነትዎን የሚያነሡበት ምክንያት?» አለችኝ። «በቂ መረጃ ባለመኖሩ» ልል ነበር፤ ዳናይት አጠገቤ ቆማለች።

«ልጅ ስላላቸው» አልሁ። «እያወቅሁ ነው የፈረምሁት። እሱንም ጻፊው።»